«የጉና ገብስ» የተባለው ፎልደር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22/2011 ዓ.ም.፣ ጠዋት 3፡00

ቦታ የለም ይላል። አፕዴቱ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሦስት ጊጋ ነጻ ቦታ ካላገኘሁ አልቀጥልም ነው ነገሩ።

ት/ቤት ነኝ፣ ኮምፒውተር ክፍል። ብቻዬን። ተማሪው ከፋሲካ ገና አልተመለሰም፤ የመጡትም ሜዳ ላይ ኳስ ይዘዋል። ኢንተርኔቱ ይሠራል። ተአምር ነው።

ማስታወሻዬ፣ ይህ የአያሌው ላፕቶፕ ነው። ባሌ ከሞተ አሥር ወሩ። ከዚያ ወዲህ ከቁም ሣጥኑ አናት አውርጄው አላውቅም። ከእንግዲህ አ. እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ሙሉ ስሙን ስጽፍ እጄ ይዘገያል።

ያወረድኩት በአያ ፈንቴ ምክንያት ነው። የጉና ገበሬ ናቸው፣ የአ. ወዳጅ። የፋሲካ ዋዜማ በግ ሸጠው ሲመለሱ ቤት ጎራ አሉ። መስከረም ላይ የጣለው በረዶ ጥቁር ገብሳቸውን ጠራርጎ ወስዶባቸዋል። ለዘር እንኳ አልተረፈም። በሰፈራቸው ያንን ዘር የያዘ ሌላ ሰው የለም። ዓምና ግን አ. ከእሳቸው ሁለት እፍኝ ወስዶ ከተራራው ማዶ ላለ አንድ ገበሬ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ታመመ፤ ሳይገናኙ ቀሩ። አያ ፈንቴ የሰውዬውን ስም አያውቁም። አ. ግን ሁሉን እንደሚጽፍ ያውቃሉ። ስሙን ፈልጊልኝ፣ የመዝሪያው ጊዜ ሳያልፍ፣ አሉኝ።

እሺ አልኩ።

አ. የግብርና ባለሙያ ነበር። በሥራ ሰዓትም ከሥራ ሰዓት ውጭም በጉና መንደሮች እየዞረ የገብስ ዘር ይመዘግብ ነበር። ማን ምን እንደሚዘራ፣ ከማን እንዳገኘው፣ ለማን እንደሰጠ። የመጨረሻው አንድ ዓመት ተኩሉ በሙሉ «የጉና ገብስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ከፍቼ ስሙን ማንበብ ነበር፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ።

አልከፈትኩትም። አፕዴት ማድረግ ቀለለኝ። የኮምፒውተር ቴክኒሺያን ነኝ፣ ለማንም ማሽን መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

እዚያው፣ 5፡30

ቦታ ተገኘ። ፋይሎቹን በዕድሜ አጣርቼ ከአምስት ዓመት በላይ የሆናቸውን በአንድ ትእዛዝ ሰረዝኩ። የማሽኑ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይገቡም፤ በቀጥታ ነው የሚሄዱት። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ዓመቱን ብቻ አየሁ። 2009፣ 2010 ይላል፣ በፈረንጅ። ያኔ አ. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፊልምና የተማሪ ወረቀት ይሆናል።

አፕዴቱ ቀጠለ። አለቀ። ሪስታርት።

ጥቁር ስክሪን። ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23፣ 4፡00

የሠራተኞች ቀን። ት/ቤት ዝግ። ቤት ነኝ።

ማሽኑ ሲነሣ ሺፍት ተጭኜ አሮጌውን ከርነል መረጥኩ። ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው፤ አዲሱ ከዚህ ያረጀ ስክሪን ካርድ ጋር አልተስማማም። በአሮጌው ተነሣ። ፊደሉ ግን የበሬ ዓይን ያህላል። የፈለግኩትን መስኮት ግማሹን እንጂ አላየውም።

መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ጎረቤት ዶሮ ወጥ ላከችልኝ። በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቅኩም።

ማስታወሻዬ፣ ሰው ሁሉ በርቺ ይለኛል። በርትቻለሁ እኮ። ምንም አይሰማኝም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 25፣ 8፡00

ትናንትና ዛሬ ከክፍለ ጊዜ ውጭ ያለውን ሰዓት ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። የስክሪኑን ድራይቨር፣ ማሽኑን ከስክሪኑ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ከት/ቤቱ ኢንተርኔት አውርጄ ጫንኩ። ስክሪኑ ተስተካከለ፣ ዋይፋዩ ጠፋ። ስልኬን በገመድ አገናኝቼ የዋይፋዩን አወረድኩ። ዋይፋዩ መጣ፣ ድምፁ ጠፋ። አንዱን ጎን ስትሸፍኚው ሌላው ጎን የሚገለጥ አጭር ብርድ ልብስ ነው።

አንዲት መምህርት ገብታ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የአ. ማሽን ነው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ፣ ይቅርታ ብላ ወጣች። እኔ ወደ ድራይቨሩ ተመለስኩ። እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ ብሎኛል። ስህተት ይነግረኛል፣ ስህተቱን እፈልጋለሁ፣ ይስተካከላል። ከሰው ይልቅ ይህን እችላለሁ።

ፎልደሩን አልከፈትኩም። ድምፁ ይቀራል ብዬ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26፣ 9፡00

አያ ፈንቴ ከገበያ መልስ መጡ። ስሙን አገኘሽው ወይ አሉ። ማሽኑ ተበላሽቶ እየጠገንኩ ነው አልኳቸው። ይግቡ ቢሏቸው እንኳ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር አያልፉም። ከዚያ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ። ማሳውን ሁለቴ አርሰውታል። ሦስተኛው እርሻ ከዘሩ ጋር ነው። ሌላ ገብስ እንዲዘሩ ልጆቻቸው ይነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን ያ ማሳ ከአባታቸው ጀምሮ ከጥቁር ገብስ ሌላ አያውቅም ይላሉ። ይህን ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፣ የሚያስቸግሩኝ መስሏቸው።

ነገ አገኘዋለሁ አልኳቸው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 27፣ 7፡00

ድምፁ ተስተካከለ። የአማርኛ ኪቦርዱም። ሰበብ አለቀብኝ።

ፎልደሩን ከፈትኩት። ባዶ ነው።

እዚያው፣ 10፡00

ገባኝ። ለመጻፍ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

አ. የማሽኑን ቀን በእኛ አቆጣጠር አድርጎት ነበር። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን። ገበሬ በሰኔ ሚካኤል ዘራሁ ሲለው ወደ ፈረንጅ እየመለሰ መቁጠር ሰለቸው። ማሽኑም ያገሩን ቀን ይልመድ አለ። ሳቅኩበት። ጳጉሜን ሲመጣ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው በየቀኑ በእጁ ይመልሰው ነበር። ቤታችን ኢንተርኔት የለም፤ የሚያርመው አልነበረም።

ማክሰኞ ት/ቤት ከኢንተርኔቱ ጋር ሳገናኘው ሰዓቱ ራሱን በራሱ አስተካከለ፣ ወደ ፈረንጅ 2019። አ. በእኛ 2009 እና 2010 የጻፈውን ማሽኑ የፈረንጅ 2009 እና 2010 አድርጎ ያዘው። ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት ያረጀ ወረቀት። እኔም እንደዚያ አየሁት። በአንድ ትእዛዝ።

አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። አውቅ ነበር። ጳጉሜን ላይ ሲያስተካክለው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ምንም አልተሰማኝም። ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28፣ 6፡00

ባሕር ዳር ለአስማረ ደወልኩ። አብሮኝ የተማረ ነው፣ አሁን ሥራው የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ማዳን ነው። የነገረኝን እኔም ለተማሪ አስተምረዋለሁ፦ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይተኛል። ማሽኑን አጥፊ፣ ምንም አትጫኚበት አለ። ከሰረዝሽው ወዲህ የጫንሽበት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከርነል። ድራይቨር። ዋይፋይ። ድምፅ። ኪቦርድ። አምስት ቀን ሙሉ።

አይዞሽ አለኝ። አይዞሽ ሲል ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ።

ማሽኑን ከፍላሽ አስነሥቼ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳልጽፍ፣ የፋይል አዳኙን ፕሮግራም ለቀቅኩት። የሚያገኘውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ያራግፋል። የት/ቤቱ ጄኔሬተር ነዳጅ እንዳለው አረጋገጥኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 30፣ 9፡30

ሁለት ቀን ስለቅም ዋልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። የዳኑት ፋይሎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ግማሽ ፊልም። የዘፈን ቁራጭ። ግራጫ ካሬ የሆነ ፎቶ። አብዛኛው ጽሑፍ የማይነበብ ምልክት ነው።

አንድ ገጽ አገኘሁ። የእሱ ነው። እገለብጠዋለሁ፦

«የካቲት 3። ብርድ። ስወጣ ተኝታ ነበር፣ አልቀሰቀስኳትም። ስመለስ እነግራታለሁ። የአያ ፈንቴን ጥቁር ገብስ ሁለት እፍኝ ይዤ ማዶ ተሻገርኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሦስተኛው ቤት። ሴትዮዋ እግርዎን ካላጠብኩ ብላ ሞተች። ባልየው ዘሩን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። አባቴ ይህን ይዘራ ነበር፣ ከእኛ ጠፍቶ ነበር አለና አለቀሰ። ስሙ»

እዚህ ላይ ይቆረጣል። ቀጥሎ ያለው የዋይፋይ ድራይቨር ነው።

እዚያው፣ 11፡00

ማስታወሻዬ፣ ነግሮኛል።

ስመለስ እነግራታለሁ ይላል፤ ተመልሶም ነግሮኛል። ያ ቀን ትዝ አለኝ። ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ጀመረ። አንድ ሰውዬ እንዳለቀሰ። ስሙንም ጠርቶልኛል፣ የሚስቱንም ስም፣ የመንደሩንም። እኔ የአንዱን መምህር ላፕቶፕ ፈትቼ ብሎን እቆጥር ነበር። እህ አልኩ። እህ። እራት ምድጃ ላይ አለ አልኩት። ጥቂት ቆሞ ወደ ጓዳ ገባ።

ስሙን ለማስታወስ ሞከርኩ። ድምፁን አስታውሳለሁ። የጫማውን ጭቃ አስታውሳለሁ። ብሎኖቹ ዘጠኝ ነበሩ።

አለቀስኩ። ተማሪዎች በመስኮት አዩኝ፤ ይዩኝ። በቀብሩ ላይ እንዲህ አላለቀስኩም። ናፈቀኝ። ሌላ የምጽፈው ቃል የለኝም፣ ናፈቀኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3፣ 10፡00

አያ ፈንቴ መጡ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንዳልል ፈራሁ፣ ልለው ተቃርቤ ነበር። በገዛ እጄ አጠፋሁት አልኳቸው። እንዴት እንደሆነም ነገርኳቸው። የቀኑ ነገር ገባቸው፤ የተቀረው አልገባቸውም። አልጠየቁምም።

ገጹን አነበብኩላቸው። እንደገና አስነበቡኝ። ሰውዬው አለቀሰ የሚለው ላይ ስደርስ ጎንበስ ብለው መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ፦

«በዚያ ፊት እኔ የማውቃቸው ሦስት ደብሮች ናቸው። ሦስቱንም ብናዳርስ ነው እንግዲህ። ሴት ልጅ እግሩን ያጠበችውን እንግዳ አትረሳም።»

ብናዳርስ ሲሉ ራሳቸውንና ልጃቸውን ማለታቸው ነበር። እኔም እመጣለሁ አልኳቸው። የጉናን ብርድ ትችይዋለሽ ወይ፣ ልጄ፣ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ እፊቴ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

ከርእሰ መምህሩ አራት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ። እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። አያ ፈንቴ በቅሎ እንዋስ ብለዋል፣ አይሆንም አልኩ። አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ። ስልኬን ቤት ትቼ እሄዳለሁ።

ሦስተኛውን ቤት ካገኘነው ዘሩን የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ስሙን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሲነግረኝ ደብተሩንም አልይዝም። እጄን ባዶ አድርጌ፣ ፊቱን እያየሁ ነው የምሰማው።