የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኬሚስትሪ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? በረዶው ከመጣሉ በፊት የበርሽን ደረጃ የሚጠግንልሽ ሰው አገኘሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ማንም አይንካብኝ» ብለሽ ራስሽ መዶሻ አነሳሽ? ድመትሽስ አለች? እኛ ደህና ነን። ባሌ ኩርት ዛሬም የወተት ቦቴውን እየነዳ ዊስኮንሲንን ያካልላል። ዴሊያ በቁመት በልጣኛለች። ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ውሸት ስለማልወድ ደህና ነኝ ብቻ ብዬ ልለፈው።

የምጽፍልሽ ትንቢትሽ መድረሱን ላበስርሽ ነው። ዴሊያን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ማስተማር የጀመርኩ ዓመት፣ በምስጋና በዓል፣ ሰው ሁሉ አፉን በዱባ ፓይ ሞልቶ ሳለ፣ «ኬሚስትሪ ላይ ስትደርሺ እናያለን!» ብለሽኝ ነበር። ከዚያ የቀረውን ፓይሽን ተሸክመሽ ወጣሽ። ፓይ ይዞ የሚያኮርፍ ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው በገና ካርድ ብቻ ነው። ይኸውልሽ፣ ደረስኩ።

ዴሊያ የላም ሐኪም ካልሆንኩ ብላለች። የምትፈልገው ኮሌጅ ታሪኩንም ሥነ ጽሑፉንም እኔ በፈረምኩበት ትራንስክሪፕት ይቀበላል። ኬሚስትሪን ግን በእናት ፊርማ አልቀበልም አለ። ከቤተ ሙከራ ጋር መሆን አለበት፤ ከቤት ውጭ ባለ መምህር፣ በመምህሩ ሙሉ ስም የተፈረመ ምስክርነት ይፈልጋል። ያ ካልተገኘ ማመልከቻዋን ገልጠው አያዩትም።

ስለዚህ በግንቦት ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች ወደሚዘጋጀው ትልቅ ጉባኤ ሄድኩ። አዳራሹን ብታዪው! ሻጩ ሁሉ ጥርሱን ያሳያል፣ እናት ሁሉ ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተተች መጽሐፍ ታጭቃለች። የማኅበራችን አለቃ ሮንዳ ከፊት ትሄዳለች። እሷ የነካችውን የመጽሐፍ ሣጥን ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ይገዙታል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። እኔ አገላብጬ ሳይ ሮንዳ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ ደግሞ ብዙ ታስቢያለሽ፤ ግዢና ጸልየሽ ጀምሪ» አለችኝ። ጸሎቱስ እሺ፣ ማሰቡ ምን አደረገሽ አልኳት። እስካሁን አኩርፋኛለች፤ ተገላገልኩ።

አንዱ ጎረምሳ ሻጭ ደግሞ ወረቀት እያስያዘኝ፣ «ልጅዎ በራሷ ፍጥነት ነው የምትማረው» አለኝ። በራሷ ፍጥነትማ ያንቺም ድመት ትማራለች።

በጋውን በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ የሙከራ ትምህርት ስንቀምስ ከረምን። የመጀመሪያው በቪዲዮ የተቀዳ ሰውዬ ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንድ ሸሚዝ ለብሷል። ቢጠይቁት አይሰማ፣ ቢሰድቡት አይቆጣ። ዴሊያ ትንሽ ካየችው በኋላ፣ «እማ፣ ይሄ ሰውዬ ግን በሕይወት አለ?» አለችኝ። ሁለተኛው ልጅቷ በመለሰች ቁጥር ርችት ይተኩሳል፣ የወርቅ ሳንቲም ያዘንባል። ላም ስታዋልድ ክንዷን እስከ ትከሻዋ የምታስገባን ልጅ በከረሜላ ማባበል! ሦስተኛው «በቀጥታ ከመምህር ጋር» የሚሉት ነው። መምህሩስ አለ፤ ተማሪዎቹ ግን ካሜራቸውን ዘግተው የት እንዳሉ አይታወቅም። አንዱማ ሲያንኮራፋ ሰማነው፤ መምህሩም ሰምቶ ትምህርቱን ቀጠለ። ቤተ ሙከራው የብልቃጥ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ስትነኪው ቀለም ይለውጥልሻል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። የወተት ገበሬ ልጅ ሆኜ በዚህ ልታለል?

አራተኛው፣ ልጅቷ አስቀድማ የምደባ ፈተና ትውሰድ አለ። እኔ ደግሞ ሳልቀምስ ለልጄ የማጎርሰው ነገር የለም። ዴሊያ ጎረቤት ላም ልታልብ በሄደችበት፣ ፈተናው እርባና ያለው መሆኑን ለማየት በስሟ ገብቼ ሠራሁት። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና ዴሊያን ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ መደባት። ወዲያው ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ሐዘን ቤት የገባ ይመስል ድምፁን አለስልሶ፣ «አይዞዎት እናቴ፣ ፈተናው የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ግን ለሚከብዳቸው ልጆች ልዩ ድጋፍ አለን» አለኝ። ለሚከብዳቸው ልጆች! ኩርት ማቀዝቀዣውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አይዞሽ፣ ስምንተኛ ክፍል ስታልፊ ኬክ እገዛልሻለሁ» ይለኛል እስከ ዛሬ። የማይረባ ፈተና ነው። ደግሞ የሒሳቡ ነገር ድሮም ያንቺ ነበር እንጂ የኔ አልነበረም።

በመስከረም ዴሊያ፣ «እማ በቃ ተይው፣ እኔ ራሴ አግኝቻለሁ» አለችኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ኮምፒውተሯን ታቅፋ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባለች። ኢንተርኔቱ የሚሻለው እዚያ ነው ትላለች፤ ፊልም ስታይ ግን መኝታ ቤቷ ውስጥ እንደ ውሃ ይወርድላታል። መምህሯ ማናት ብላት፣ «ሚስ ኤም» አለችኝ። ድረ ገጽ የላት፣ ማስታወቂያ የላት፣ ርችት የላት። ይህቺ ሴት ከየት የመጣች ናት ብዬ ባፋጥጣት፣ «ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ናት እማ፣ አንዴ እንኳ እመኚኝ!» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

የደረቀ ልብስ ማውጣት የእናት መብት ነውና ቅርጫቴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እግዚኦ ያቺ ሴትዮ! ድምጿ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ነው። ትቸኩላለች። ለማንም የማይገባ ነገር ተናግራ «ግልጽ ነው» ትላለች፤ ጥያቄ እንዳይመስልሽ፣ ትእዛዝ ነው። ልጄ በትክክል ስትመልስላት እንኳ ጎሽ አይወጣትም፤ «ቀጥዪ» ብቻ። ዴሊያ አንዱን መልስ በግምት ብትሰጣት ምን አለቻት መሰለሽ? «‹ይመስለኛል› ላም አያልብም! ሂጂ ለክተሽ ነይ!»

ቅርጫቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አባባ በወተት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለኔና ላንቺ የሚለውን ነው፣ ቃል በቃል። ከእኛ ቤት ውጭ ሰምቼው አላውቅም። ግን ዊስኮንሲን መቼም የወተት ሰው ሞልቶበታል፣ ሌላም ቤት ይባል ይሆናል ብዬ ልብሴን አጥፌ ሄድኩ።

በሳምንቱ ለሙከራ የሚሆን ብልቃጥና መለኪያ በፖስታ መጣ። እንዳይሰበር በወጥ ቤት ፎጣ ተጠቅልሏል። ፎጣው ጫፉ ላይ ቀይ ዶሮ ተጠልፎበታል። እማማ እንደዚያ ያሉ ስድስት ጠልፋ ለሁለታችን እኩል ማካፈሏን አትረሺውም። የኔ ሦስቱ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ከፍቼ አየኋቸው። ያቺ ሴትዮ ዕቃ ስታሽግ እንኳ የሚጠለፍ ጨርቅና የሚጣል ጨርቅ አትለይም። ፎጣውን አጥቤ ተኩሼ አስቀምጬላታለሁ።

ይሁንና ልመስክር። ዴሊያ ከዚያ ክፍል ጉንጯ ቀልቶ ነው የምትወጣው። እራት ላይ ወተት ለምን እንደሚጎመዝዝ ከአባቷ ጋር ትከራከራለች፤ «የምታመላልሰውን ነገር እንኳ አታውቀውም» ብላ አሳቀችበት። ከእኔ ትምህርት በዚያ ፊት ወጥታ አታውቅም። ይሄን መጻፍ ያመኛል፤ ግን እውነት ነው።

አሁን ጭንቁ ይሄ ነው። ኮሌጁ ምስክርነቱን እስከ ገና ይፈልጋል፤ «ሚስ ኤም» ተብሎ ደግሞ አይላክም። ዴሊያን ብጠይቃት ጥፍሯን እየነከሰች፣ «ትፈርማለች... ግን አንቺ ታይዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። አየሽ፣ ልጄ እኔን ፈርታ ምኞቷ በእጇ ላይ ሊቀር ነው። መምህሯም እንደ ልማዷ ኩራቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለት ሞኝ ሲሆን ደግሞ ልጅ መሐል ትጨፈለቃለች።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ አስተምረሽ የኬሚስትሪ መምህራንን ሁሉ ታውቂያለሽና ካገኘሻት ንገሪልኝ። ስሟን ከነቤተሰብ ስሟ አስተካክላ ትጻፍ፤ አንብቤ አልደነግጥም። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሲበርድ እጅ ያደነዝዛል፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ግን ሰፊ ነው። ሙከራ በስክሪን እንደማይሆን አንቺው ስትጮኺበት የኖርሽው ነገር ነው። ለምስጋና በዓል ትመጣ። ፓይ ይዛ ብትመጣ እንኳ ይዛው አትወጣም፤ በሩ ላይ ኩርትን አቆማለሁ። ሁለቱን ፎጣዎችም ትያዝ፤ ስድስቱን አንድ ላይ ላያቸው እፈልጋለሁ። ለዴሊያ ግን ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ እንደምሰማ እንዳትነግሪያት። ተደብቃ የምትማረውን ያህል በግልጽ ተምራ አታውቅም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደረጃሽንም ያለ መዶሻሽ ያስጠግንልሽ። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ከመጀመሪያው ላይ አንድ ነገር የጎደለው መሰለኝ። ‹ይመስለኛል› ላም አያልብምና ለካሁት፤ ጎድሎታል። ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ታናሽ እህትሽ