ፍሪጅ ላለበሰው ወንድሜ

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታው ይቆየን። ግንባሬ መፈንከቱን ሰምተህ የላክኸውን መልእክት ሹፌሩ ጓደኛህ አድርሶኛል። «ግንባርሽን የፈነከተውን ሰውዬ እመጣና እጨርሰዋለሁ ብሏል» አለኝ፤ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግራ ቀኙን እያየ ነበር። ሰፈሩ «ክብሪት» ብሎ የሰየመህ ያለ ነገር አይደለም። አንተ ስትጫር የሚነደው ግን የሌላ ሰው ቤት ነው። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ ከተሸሸግክበት ከአጎታችን ደጃፍ እንዳትወጣ። ታላቅህ ነኝ፣ አዝዤሃለሁ።

ያችን ትንሽ ፍሪጅ ለእማዬ በትከሻህ ተሸክመህ የገባህ ቀን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ኮርቼብህ ነበር። የስኳር መድኃኒቷን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ያህል ያሳቅቃት እንደነበር ታውቃለህ። በሰው በር ቆሞ የራስን መርፌ መለመን ለእሷ ሞት ነው። ትልቅ ፍሪጅ እንዳንሰካ ደግሞ የአከራያችን የመብራት መስመር አይችልም። አንተም ፍሪጇን ጥግ አስቀመጥካት፣ ጀርባዋን ከግድግዳው ጋር አጣበቅህ፣ ከዚያ የራስህን ብርድ ልብስ ከአልጋህ ገፈህ ዙሪያዋን ጠቀለልካት። «ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ነው» አልከን። እማዬ መረቀችህ፤ አንተም ለብዙ ቀን ያለ ብርድ ልብስ ተኛህ።

ሙቀቱ ሲገባ እማዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወደቀች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ብርሃን ላይ አገላብጦ አየና፣ «ይሄ በሙቀት ተበላሽቷል፤ ውኃ ነው ስትወጋ የከረመችው» አለን። አንተ እማዬ እስክትነቃ እንኳ አልጠበቅህም። በሩን በርግደህ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ገብቶኝ ተከተልኩህ፤ ግን ማን ይደርስብሃል?

እኔ ስደርስ ጎፈሬው፣ ፍሪጁን የሸጠልህ ያ ምስኪን ጠጋኝ፣ ሱቁ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ጉልበትህን ደረቱ ላይ ተክለህ ፊቱን በቡጢ ትወግረዋለህ። «እናቴን! እናቴን!» ትላለህ በየምቱ። መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁት። ፊቱን ሊሸፍን እጁን ሲያነሳ ከጠረጴዛው መዶሻ አንስተህ ጣቶቹን ከወለሉ ጋር ቀጠቀጥካቸው፤ ሰውየው የሚበላው በእነዚያ ጣቶች ነው። ሦስት ሰዎች ተንጠለጠሉብህ፣ የአንዱን አፍንጫ በክርንህ አደማኸው። ስምህን ጠርቼ ስጮህ ዞር ብለህ አየኸኝ፤ አላወቅኸኝም። ወንድሜ ነህ፣ አዝዬ ያሳደግኩህ ነህ፣ የዚያን ቀን ግን እኔም እንዳትመታኝ ፈርቼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ከዚያ በጓሮ ዘልለህ ጠፋህ።

ማግስቱን ያችን ፍሪጅ አውጥቼ ልጥላት ብርድ ልብስህን ገፈፍኩ። ጀርባዋን ስይዛት እጄን ላጠኝ። እንደ ካውያ ትፋጃለች። ዓመታት ስልክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና መፍቻዬን አምጥቼ ከፈትኳት። አየህ፣ ይህቺ ፍሪጅ እንደ ትልቁ ፍሪጅ ሞተርና ጋዝ የላትም። ውስጧ ከብስኩት የማትበልጥ ነጭ ሰሌዳ አለች፤ መብራት ሲያገኛት አንዱ ፊቷ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል። የውስጡን ሙቀት ተቀብላ በጀርባ ታስወጣለች፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ጀርባዋ ከታፈነ ያስወጣችው ሙቀት ተመልሶ ይገባል። አንተ ደግሞ በግድግዳና በብርድ ልብስ አፈንካት። የእማዬን መድኃኒት የቀቀለው ያለበስካት ብርድ ልብስ ነው። ጎፈሬው አላታለለህም።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ጨምድደህ መሬት ላይ እንደምትጥለው አውቃለሁ። አንሳውና ቀጥል።

ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፣ ቀኝ እጁ ጀሶ ውስጥ ነው፣ በጥርሱ መሃል ነው የሚናገረው።

«ምን ፈለግሽ? ያልተሰበረ ጥርስ ቀርቷል ብለሽ ነው?» አለኝ።

«ይቅርታ ልልህ ነው። ፍሪጁ ጤነኛ ነበር። ጀርባውን ያፈነው ወንድሜ ነው።»

«ጤነኛ መሆኑንማ አውቃለሁ! ከግድግዳ አርቀኸው ነበር ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌን ስከፍት አይደል አፌን የሰበረው!» አለና በግራ እጁ ያገኘውን አንስቶ ወረወረብኝ። የወረወረው ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ፣ ሙቀት የሚበትን፣ ቡጢ የሚያህል ባለ ክንፍ አሉሚኒየም ነበር። ግንባሬን አገኘው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እሱ ራሱ ደንግጦ ብድግ አለ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? የወረወረብኝን ነገር አነሳሁና ገለበጥኩት። ክንፎቹ ብዙና ረጃጅም ናቸው፣ መቀመጫው ልሙጥ። ፍሪጁ ጀርባ ላይ ያለው የራሱ አሉሚኒየም ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ መጫወቻ ነው። «ይሄ ለፍሪጁ ይሆናል?» አልኩት፣ ደሜ እየተንጠባጠበበት።

እብድ እንደሚያይ ሰው ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ይሆናል» አለ። «ሙቀቱን የሚያራግበውን ትልቁንም ፋን ውሰጂ፣ ያለሱ ዋጋ የለውም። ሰሌዳዋንና አሉሚኒየሙን የሚያገናኘውን ቅባት ደግሞ እንደ ማርማላታ እንዳትለድፊው፣ ስስ አድርጊው።» ከዚያ ሳቅ አፈነው፤ ሲስቅ መንጋጋውን አመመውና እስከ ዘር ማንዘራችን ረገመን። ግንባሬን ያሰረልኝም እሱ ነው፣ በአንድ እጁ።

የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠርጌ አዲሱን ስስ አድርጌ ቀባሁ። አሉሚኒየሙን እኩል አጥብቄ አሰርኩት፣ ፋኑን ከኋላው ገጠምኩ። ጎንና ጎኗን በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚመጣው ነጭ ፎም ሸፈንኩ፣ ጀርባዋን ግን ክፍት ተውኩት፤ ከግድግዳውም አራቅኳት። ቤቱ እንደ ምድጃ ሲግል ውስጧ ያለው ቴርሞሜትር አምስት ዲግሪ ላይ ቆሟል። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ እማዬ ግን «እሱ ሲጮህ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ» ትላለች። አዲሱ መድኃኒቷ አልተበላሸም፤ ቆማ መሄድ ጀምራለች። ከመምታት መጠየቅ ቢቀድም ኖሮ ይሄ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፣ አንተ ደም ፍላታም!

መልእክትህን ለእማዬ ነገርኳት። ልደብቃት አልቻልኩም። በርጩማዋን አንስታ ቀስ እያለች ወደ ጎፈሬው ሱቅ ሄደችና በሩ መሃል ተቀመጠች። ጎፈሬው ወደ ጥላው እንድትገባ ቢለምናት፣ «በእኔ የተነሳ አንዴ ተሰብረሃል። ሌላ ዱላ ካለው በእኔ ይጀምር» አለችው። ሰውየው ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ጠዋት ጠዋት እሷ ናት፣ ከሰዓት እኔ እተካታለሁ። ፖሊስም እየፈለገህ ነው፤ እጅህን ልትሰጥ ከመጣህ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ስንቅህንም አመላልሳለሁ። ልትገድል ከመጣህ ግን በእኛ ላይ ነው የምታልፈው።

ከመጣህ ጠዋት ና፣ ባዶ እጅህን ና። የእማዬ ዓይን ከወደቀች ወዲህ ደክሟል፤ ሰው አጠገቧ እስኪደርስ ማን እንደሆነ አትለይም። አንድ ሰው በችኮላ ወደ ሱቁ ሲመጣ ባየች ቁጥር ሁለት እጇን ዘርግታ በሩን ትዘጋለች። ትናንት ለዳቦ አከፋፋዩ እንኳ እንዲያ አደረገች። ስለዚህ ገና ከሩቅ ሳለህ «እማዬ» በላት።

እህትህ