ቅድመ አያቴን ከአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ ስለማግኘቴ

መጋቢት 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ገብረ ሕይወት
የዋርካ ሜዳ ጊዮርጊስ ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር
ታች ጋይንት

እንደምን ከርመዋል? የባለቤትዎ የወይዘሮ ዓለምጸሐይ ጤና፣ የበጎችዎ ርቢ እንዴት ነው? አርብ ገበያ የማስተምረው እኔ ካሣነሽ፣ አንገቴን ከማመሙ በቀር፣ ጊዮርጊስ ይመስገን ደህና ነኝ። ለእርስዎም እንደ አዲሱ አዳራሽዎ ግድግዳ የጸና ጤና እመኛለሁ፤ ግድግዳውን ተሸክመው የቆሙት የኛው ሙታን ስለሆኑ መጽናቱን አልጠራጠርም።

እኔና የስማዳው ነርስ ፍሥሐ ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ቀን መቁረጣችንን ሰምተው፣ ከቅዳሴ መልስ በምእመኑ ፊት ብድግ ብለው፣ እነዚህ ልጆች በአምስት ቤት ይገናኛሉ፣ ሰባት ቤት ሳይሞላ በዚህ ደብር ጋብቻ የለም በማለት ለነፍሳችን ላሳዩት ጭንቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅድመ አያቴ ፈትለወርቅ የገብረ ሚካኤል ልጅ እንደሆነች ነገሩን። ፍሥሐም ለስማዳ በተዳረችው በማሬ በኩል የዚያው የገብረ ሚካኤል ዘር መሆኑን፣ ባለቤትዎ የማሬ የልጅ ልጅ ስለሆኑ ጠንቅቀው እንደሚያውቁት አስረዱን። እኔ ስከራከርዎ ደግሞ፣ እንግዲያው ማስረጃሽን ከመቃብር አስነሥተሽ አምጪያ ብለው ሕዝቡን አሳቁብኝ። ታዛዥ ልጅ ነኝና ሄድኩ። በመንገዴ ያጋጠመኝን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. አክስቴ ተሾመች፣ የፈትለወርቅ መቃብር ከቤተ ልሔሙ በስተምሥራቅ፣ ከወይራው ሥር ነው፣ የተጻፈበት ድንጋይም አለው ብለውኝ ነበር። ወይራው የለም። መቃብሩም የለም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ከሙት ደረት ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎ እንደሚሸጥ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። በባሕር ዛፉ መሐል የእርስዎ በጎች ተሰማርተዋል፤ ሙታኑ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አስበው ስላደረጉት እግዜር ይስጥልኝ። አክስቴ ግን እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ይህን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

፪ኛ. ድንጋዮቹ የት ሄዱ ብዬ ብጠይቅ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ገብተዋል ተባልኩ። ግንበኛዎ ፊደል የማይቆጥር ሰው ኖሮ አያቶቻችንን ዘቅዝቆ ገንብቷቸዋል። ስለዚህ በየግድግዳው ሥር ጎንበስ እያልኩ፣ አንገቴን እየጠመዘዝኩ፣ በጉልበቴም እየተንበረከክሁ ማንበብ ጀመርኩ። ይህን ያዩ እናቶች፣ ውይ የሰው ልጅ፣ ሰርጓ ቀርቶባት ነው እኮ እንዲህ የሆነች፣ ጠበል ውሰዷት እያሉ አማተቡብኝ። ለዚህ ዝና ያበቃኝ ሰበካ ጉባኤዎ ነውና ውለታው አይጠፋብኝም።

፫ኛ. ማስረጃውም ተገኘ። ከበሩ በስተቀኝ፣ መጥረጊያ በሚደገፍበት ቦታ፣ ፈትለወርቅ የእስቴው የቀለመ ወርቅ ልጅ፣ ለጋይንት ተድራ መጥታ እዚህ ዐረፈች ይላል። እንግዲህ የገብረ ሚካኤል ልጅ አይደለችም፤ እኔና ፍሥሐም በሰባት ቀርቶ በአሥር ቤት አንገናኝም። አክስቴ መጥረጊያውን ወርውረው ድንጋዩን ሳሙት፣ እልልታቸውንም አቀለጡት። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኸው ነው።

የምለምንዎት ጥቂት ነው። በመጪው እሑድ እንደዚያን ቀን ብድግ ብለው፣ ተሳስቼ ነበር ይበሉልን። አፌ አይታዘዝልኝም ካሉም፣ ድንጋዩን ራሴ በምእመኑ ፊት አነባለሁ፤ ዘቅዝቆ ማንበቡን ለምጄዋለሁ።

በጎችዎ ከጠገቡበት መቃብር ማዶ ሆና፣ ደግነትዎን አስባ የማትጠግብ፣ ትሑት የመንፈስ ልጅዎ፣

ካሣነሽ

ግልባጭ፦
በግድግዳው ውስጥ ለሚገኙ ሁሉ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አጎንብሼ ሳለሁ ሌላም ድንጋይ አነበብኩ። ገብረ ሚካኤል እዚህ ዐረፈ፣ ልጆቹ አለቃ አያሌውና ማሬ ይህን አቆሙለት ይላል። እርስዎ በየሰንበቴው ከጎንደር መኳንንት ወረዱ እያሉ የሚያወሱልን አያትዎ አለቃ አያሌው የማሬ ወንድም ኖረዋል። ባለቤትዎም የማሬ የልጅ ልጅ ናቸው። የኛን አምስት ብለው በቆጠሩበት ጣት የእናንተን ብቆጥረው አራት ላይ አለቀብኝ፤ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት። ድንጋዩን ላስነቅል ብለው እንዳይደክሙ፣ የማዕዘኑ ነውና ጣሪያው አብሮ ይወርዳል ብሎኛል ግንበኛዎ። ሰርጋችን በዚያው አዳራሽ ስለሆነ ከወይዘሮ ዓለምጸሐይ ጋር እንዳይቀሩብን፤ መቀመጫችሁን ከዚያ ድንጋይ ሥር አዘጋጅተናል።