የወተት መለኪያውና የምጽዋ ውሃ

ሰኞ
አሥመራ ውስጥ እንደኔ ባሕርን የሚያውቅ የለም። እሺ፣ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱንም ከአውቶቡስ መስኮት። ጥራቮሎ ሰፈር አዲስ ባር የምትከፍተው ወይዘሮ ለተብርሃን ግን የቀጠረችኝ "ምጽዋ ነው ያደግኩት" ስላልኳት ነው። ሥራዬ የመስታወት ገንዳዋ ውስጥ ያሉትን የባሕር ዓሦች መጠበቅ። ዛሬ አንዱ ሞተ። አራት ቀሩ፤ ቢጫዋም በጎኗ ተኝታለች።
"ቅዳሜ ባሩ ይከፈታል። ገንዳው ባዶ ከሆነ አንተም የለህም" አለችኝ ወይዘሮዋ።
(በአማርኛ የምጽፈው ሚስቴ ትግርኛ ብቻ ስለምታነብ ነው። የማታ ትምህርት ለሁለታችንም ፊደል ሰጠን፤ አማርኛውን ግን የመኮንኖች አትክልት ሳጠጣ ብቻዬን ለቀምኩት።)

ማክሰኞ
ነገሩ ጨው ነው። እስከ ዛሬ በምላሴ ነበር የምለካው። ምላሴ በበርበሬ ያደገ ነው፤ ሁሌ "ልክ ነው" ይላል። እንደ ባለቤቱ።
እንቁላል ጣልኩበት። ሰጠመ። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። ቀቅዬ በላሁት።

ረቡዕ
ጋራዥ ሄጄ የባትሪ አሲድ መለኪያ ተዋስኩ። መካኒኩ "ዓሣህ አልነሳም አለ? ልግፋልህ?" ብሎ አሳቀብኝ። የገንዳውን ውሃ ስቀዳበት የመለኪያው ተንሳፋፊ ከታች ተኝታ ቀረች። በሷ ቤት ባሕሩ ራሱ እንደ ባትሪ ሞቷል።
የምጽዋ አውቶቡስ ሹፌር አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ልኩን ከባሕሩ ልጠይቅ።
እንቅልፍ የለም።

ሐሙስ
አገኘሁ! ማይ ተመናይ ሰፈር ወተት የሚሰበስቡት ሽማግሌ፣ ኣቦይ ተስፋይ፣ ውሃ የቀላቀለባቸውን የሚይዙበት የመስታወት ዘንግ አላቸው። ወተቱ ከቀጠነ ዘንጉ ወደ ታች ይሰምጣል። ጨው ከበዛስ? ወደ ላይ ይወጣል!
"ወደይ፣ ልጄ፣ ዓሣ ማለብ ጀመርክ እንዴ?" አሉኝ። ሰጡኝ ግን። ቅዳሜ ጠዋት ለወተታቸው ይፈልጉታል።

ዓርብ
ጀሪካኑ መጣ። ዘንጉን የምጽዋ ውሃ ውስጥ አቆምኩና የቆመበትን በወይዘሮ ለተብርሃን የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ወደ ገንዳው። ምልክቱ ከውሃው በላይ ወጣ! ጨው በዝቷል።
የበዛው በኔ ነው። ውሃው ሲጎድል በየቀኑ ጨው በጥብጬ እሞላ ነበር፤ ባሕር ስለጎደለ ባሕር መጨመር መስሎኝ። ለካ የአሥመራ ደረቅ አየር የሚወስደው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨው የት ይሄዳል?
ከገንዳው ትንሽ ቀዳሁ፣ ንጹህ ውሃ በኩባያ ጨመርኩ፣ ቀስ እያልኩ። ለካሁ። ጨመርኩ። ለካሁ። አሁንም ይቀራል። ቢጫዋን እያየሁ ጥፍሬን በላሁ።

ቅዳሜ
ሊነጋጋ ሲል ዘንጉ ምልክቱ ላይ ቆመ። አጥቤ ለኣቦይ ተስፋይ መለስኩላቸው። ማታ ባሩ ተከፈተ። ቢጫዋ ቀና ብላ በላች! አራቱም አሉ!
ወይዘሮ ለተብርሃን በደንበኛ ፊት አመሰገነችኝ፤ "የቐንየለይ! የምጽዋ ልጅ እኮ ነው" አለች። ደረቴን ነፋሁ። ቀጠለችና፣ "ሰኞ በማኪናዬ አብረን እንወርዳለን። ሌሎች ዓሦች እናመጣለን፤ ያደግክበትንም ሰፈር ታሳየኛለህ።"
"እወ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?
እሺ። ሁለት ጊዜ ያልኩት፣ የአውቶቡሱም መስኮት፣ ውሸት ነው። በምጽዋ መንገድ ከነፋሲት ከተማ በታች ወርጄ አላውቅም። በሕይወቴ ያየሁት ባሕር ያ ጀሪካን ብቻ ነው።