መናኸሪያ ጋ የምትጠፋው መኪና

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3
ጎረቤቴ በዛብሽ የደም ግፊቷ ወርዶላታል። አጥር ላይ ቆመን አወራን። ልጇ ሕብረት ለመውለድ ከአንገር ጉቲን መጥታለች፣ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ነበር የወለደችው፣ ልጁም አልተረፈ... ሐኪሙ "ምጥ እንደ ጀመረሽ ሳትቆዪ ነይ" ብሏታል።
"መኪናሽ አለች አይደል?" አለችኝ በዛብሽ።
"አለች፣ እኔው አደርሳታለሁ።"
አልኩ እንጂ... ዛሬም መናኸሪያው ጋ ቆም ስል ሞተሩ ጸጥ አለ። ፍሬኑን ስለቅ ተነሳ። ከኋላ ባጃጆቹ ክላክሳቸውን አቀለጡት። ሕብረትን ይዤ እንዲህ ብትጠፋብኝስ?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5
ሞረዳ ከሥራው ከአርጆ መጣ። ያው የሁለት ቀን ባል።
"አልታመመችም" አለ። "ነዳጅ ለመቆጠብ ስትቆም ራሷ ታጠፋለች፣ ስትሄድ ራሷ ታስነሳለች። ሻጩ ነግሮኛል።"
ሻጭ ምን የማይለው አለ? ራሷን የምታጠፋ መኪና ምን ጤና አላት... የሴቶች ጸሎት ላይ አስመዘገብኳት። የጸሎት ጓደኛዬ ኢቢሴ "ለመኪና?" ብላ ሳቀችብኝ። ጸለየች ግን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8
መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀን። የሰፈሩ ስልክ በሙሉ እኔ መኪና ውስጥ ነው። ቁልፉን ግማሽ አዙሬ እሰካላቸዋለሁ፣ ሬዲዮም እንሰማለን። ሞተር አላስነሳም፣ ነዳጅ ላባክን? ሲሄዱ "ገለቶሚ አዴ ኬኔ" ብለው ያመሰግኑኛል። ደስ ይላል። ከቤቴ ሰው አልጠፋም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10
መናኸሪያው ጋ ቆምኩ... አልጠፋችም። ገበያው በር ላይም አልጠፋችም። ጌታ ይመስገን። ከፍጥነት መቁጠሪያው አጠገብ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በርታለች፣ ትብራ። ለሞረዳ ደውዬ "ድናለች" አልኩት።
"ከምኗ?" አለ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13
ጸሎት ላይ መሰከርኩ። ኢቢሴ እልል አለችልኝ። መብራት አንድ ሰዓት መጥቶ ሄደ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። በዛብሽ ስልኳን ሰጠችኝ፣ ሞልቶ እንዲያድርላት። ምጡ ቢመጣ ለአማቿ፣ ለሕብረት ባል፣ የምትደውልበት ነው። መኪናዋ ውስጥ ቁልፉን ግማሽ አዙሬ ሰክቼ ተውኩላት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሕብረትን ምጥ ያዛት። ደግፈን ከኋላ አስገባናት። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ... በቃ። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ እንኳ አላለች።
ወንዶቹ ተጠሩ። መኪናዋን ሕብረትን እንደያዘች በጭቃው እስከ ታችኛው መታጠፊያ ገፏት። ነመራ ባጃጁን ይዞ ሲመጣ አየንና አስቆምነው።
"አዴ፣ ኦቶማቲክ እኮ ናት" አለኝ። "አርጆ ድረስ ብትገፏት አትነሳም። በሉ ልጅቷን ወደዚህ።"
አርባ ደቂቃ ሄዷል።
የበዛብሽን ስልክ ከመሰኪያው ነቅዬ ባጃጁ ውስጥ አቀበልኳት። ተቀበለችኝ።
"አለች ብለሽኝ ነበር" አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16
ሴት ልጅ። በኦፕራሲዮን። ሕብረት ደህና ናት። ሕፃኗ ትንፋሿ ደካማ ነው ብለው ማሞቂያ ክፍል አስገብተዋታል። ሄጄ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልኳት፣ እኔ ጴንጤዋ። ሕብረት ፈገግ አለች። በዛብሽ ቀና ብላም አላየችኝ።
ከሰዓት መካኒኩ ጂሩ መጣ። ኮፈኑን ሳይከፍት "ስትቆም ሞተሯን ማጥፋት ከተወች ስንት ቀኗ ነው?" አለኝ። ስድስት፣ አልኩት።
"ከዚያ በፊት ነበር ጤነኛ የነበረችው። ባትሪዋ ሲደክም ታውቀዋለች። ካጠፋች መልሳ ማስነሳት ስለማትችል ማጥፋቱን ትተዋለች። ብርቱካናማዋ መብራትም የምትለው ይህንኑ ነው።"
እኔ ለካ የመሰከርኩት ለበሽታው ነው...
"ቆማ እያለች ምን ስትሠራበት ነበር?"
ነገርኩት። ሬዲዮውን፣ ስልኮቹን፣ የመጨረሻው ሌሊት የበዛብሽ ስልክ ተሰክቶ ማደሩን። ራሱን ነቀነቀ። "ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት። መቼ ትሞላ?" አለ። የዚህች መኪና ባትሪ የራሷ ዓይነት ነው፣ ተራው ቢገባላት ቶሎ ይሞትባታል። ከአዲስ አበባ ያስመጣልኛል።
"የስልኩን ነገር በዛብሽ እንዳትሰማ" አልኩት። ወሬኛ ነው፣ አውቃለሁ። እኔስ ደብቄያት እችላለሁ?

ሰኞ፣ ሐምሌ 21
ሕፃኗ ከማሞቂያ ወጣች፣ ትጠባለች። ከኢቢሴ ነው የሰማሁት። በዛብሽ አጥሩ ጋ ስታየኝ ወደ ቤት ትገባለች። ልንገራት? ብነግራት እኔ ይቀለኛል... እሷስ? ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24
ባትሪው መጣ። ጂሩ ገጠመው። "እስከ አርጆ ደርሰሽ ተመለሺ፣ በደንብ ትሙላ" አለኝ። ሄድኩ። ሞረዳ በሥራ ቀን ሲያየኝ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3
መናኸሪያው ጋ ቆምኩ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ባጃጆቹ ጮኹ። ይጩሁ። ቁጭ ብዬ ጸጥታውን ሰማሁት።
መብራት ዛሬም የለም። ሁለት ሴቶች ስልክ ይዘው መጡ። አሁን ሞተር አስነስቼ ነው የምሰካላቸው፣ ስጨርስ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ። ኢቢሴ መጥታ "ምስክርነትሽን ትመልሺዋለሽ ወይስ ይቆይ?" ብላ ስቃብኝ ሄደች።
ከዚያ በዛብሽ መጣች። ሕፃኗን ታቅፋ። ስልክ አልያዘችም።
"ጂሩን አገኘሁት" አለች።
ሕፃኗን አየኋት።
"ያን ሌሊት ያደረው የኔ ስልክ ነበር።"
"ሳምንቱን ሙሉ የሁሉም ነበር" አልኳት።
"ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ሳኮርፍሽ ዝም ትይኛለሽ?"
በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልሄደችም።
"በይ ያዢልኝ" አለች ሕፃኗን እየዘረጋችልኝ፣ "ክንዴ ዝሏል።"