አባባ «አንሺኝ» ሲለኝ

ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ፣ እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው ስትደውል ሲያስልህ የነበረው ጉንፋን ለቀቀህ? ወገብህንስ ተሻለህ? ፈረቃህን ቀየሩልህ ወይስ ዛሬም እንቅልፍ እንዳጣህ ነህ? ትበላለህ? ስትበላስ ተቀምጠህ ነው ወይስ እንደ ልማድህ በር ላይ ቆመህ? ይህን ሁሉ የምደረድረው ናፍቀኸኝ ነው፤ ደግሞም ከሰላምታው ቀጥሎ የምጽፈው ስለከበደኝ ቶሎ እንዳልደርስበት ነው።

ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ደረጃ ባየች ቁጥር ጉልበቷን ከመራገሟ በቀር። እኔም ደህና ነኝ፤ ጋራዡም ሥራ አላጣም። አባባ ግን ደህና አይደለም። ስልክ አታነሺም ብለህ መቆጣትህን አይቻለሁ። እውነትህን ነው፣ አላነሳሁም። ባነሳ የእሑዱን ልምምድ ቪዲዮ ትጠይቀኛለህ፤ እኔም ወይ እዋሽሃለሁ ወይ እጮህብሃለሁ። ስልክ ስይዝ ደግሞ አባባ ጆሮውን ደቅኖ አጠገቤ ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። ነገ ወደ አንተ አገር የሚበር የጎረቤታችን ልጅ ስላለ ከቅዳሜ በፊት እጅህ ይገባል።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። አባባ የሞተሩን የፊት ጎማ አንስቶ ከጋራዡ በር እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ በአንድ ጎማ ሲሄድ ቪዲዮ አንስቼ ላክሁልህ። እኔ ለሳቅ ነበር። አንተ ለዓለም በተንከው! «የስልሳ ስምንት ዓመቱ አባቴ» ብለህ ጻፍክበት፤ የማያውቀን ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መደወል ጀመርክ። አባባ፣ አሁንም ታነሳለህ? አባባ፣ በሚቀጥለው ረዘም አድርጋት! አባባም ረዘም አደረጋት። አሁን ደግሞ በሚመጣው እሑድ የነባር ሞተረኞች ማኅበር ሰልፍ አለ፤ ከፊት ሆኖ ሊያነሳ ቃል ገብቷል፣ አንተም በቀጥታ ልታየው ተቀጣጥራችኋል።

በዚህ ጉዳይ እዚህ ቤት ያልተጨቃጨቀ የለም። እማዬ፣ በዚህ ዕድሜው ወንበር መደገፍ ሲገባው ጎማ ሰማይ ይሰቅላል ትላለች። ጡሩምባ፣ ያ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ጓደኛው፣ ድምፁን ታውቀዋለህ፣ እሱ ደግሞ መንገድ ማዶ ሆኖ ሰው እስኪሰማው ድረስ «ተዉት! ሰውየው እንደሆነ ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ይሻላል!» ይላል። እኔ እንደ እውነቱ ከሆነ ከጡሩምባ ጋር ነበርኩ። አብሬው ሞተር ስፈታ ያደግሁ ነኝ፤ ሲያነሳ አውቀዋለሁ። ጎረምሶቹ ነዳጅ ሰጥተው ዝም ብለው ይዘላሉ። አባባ ግን ቀስ አድርጎ ያነሳትና ቀኝ እግሩን የኋላ ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ይይዛታል። የፊቷ ጎማ ከልክ በላይ ከወጣ ፍሬኑን በእግሩ ነካ ያደርጋል፤ ትመለሳለች። ነካ ካላደረገ ሞተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ እሱ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ነገሩ የዕድሜ አይደለም፣ የእግር ነው፤ እግሩ እስከታዘዘው ድረስ መቶ ዓመቱም ቢሆን ያንሳ እል ነበር።

ባለፈው እሑድ ለልምምድ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ መንገድ ሄድን። ግድግዳው ጥግ ላይ አቆመኝ። ከማዶ ተነስቶ፣ ጎማውን አንስቶ፣ በማጠፊያው ፊቴ ብቅ ሊል ነው። ስጠራሽ አንሺኝ ብሎኝ ሄደ፤ ግድግዳው ጋረደው። ሞተሩ ጮኸ፣ የሆነ ነገር ኳ አለ፣ ከዚያ ሞተሩ እዚያው ቆሞ ያጓራ ጀመር። ሊነሳ እያሞቀው ነው ብዬ ስልኬን ደግኜ ጠበቅሁ። ይሄኔ አባባ «አንሺኝ!» ብሎ ተጣራ።

እያነሳሁህ ነው፣ ና አልኩት። አንቺ ልጅ፣ አንሺኝ እንጂ አለ። አነሳሁህ እኮ፣ ና በቃ፣ ምን ታካብዳለህ አልኩት፣ እየሳቅሁ። ወንድሜ፣ እየሳቅሁ! እሱ ከመሬት አንሺኝ ይለኛል፣ እኔ ቪዲዮ አነሳዋለሁ። ድምፁ ሲሰልልብኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሮጬ ስደርስ ሞተሩ ላዩ ላይ ተጋድሟል፤ ቀኝ እግሩ ከሥር ተይዟል። የጋለው ጭስ ማውጫ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አርፎ ሱሪው ይጨሳል፤ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ያንን ሞተር ብቻዬን እንዴት ከላዩ እንዳወረድሁት አትጠይቀኝ። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቀስ፣ መስታወቱን እንዳትሰብሪው!» እግሩ እየተቃጠለ ስለ መስታወት! አላመመህም ወይ ስለው ኧረ ምንም አለ። ጀግንነት መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ቆዳው ተልጦ እያየሁት፣ ፊቱን አዙሮ ሳለ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ተጫንኳቸው። ጨርሼ ቀና ስል፣ «በይ እንግዲህ፣ ልታዪው ከሆነ ጀምሪ» አለኝ።

ስኳሩ ነው ወንድሜ። ያ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ነጠላ ጫማው ወልቆ ሳያውቀው ጋራዡን በአንድ ጫማ ሲዞር፣ እኔና እማዬ ጃጀ ብለን ሆዳችንን ይዘን የሳቅነው ለካ በዚህ ነው። ፍሬን የሚነካውም ይኸው እግር ነው። የነካ እየመሰለው፣ ይንካ አይንካ ሳያውቅ፣ ለአንተ ሲያነሳልህ ከረመ።

ክሊኒክ ወሰድሁት። ሐኪሟ ምን ነካዎት ስትለው ምድጃ አለ። እሱና ምድጃ የት ይተዋወቃሉ! ቁስሉ እስኪድን እግርዎን ያሳርፉ፣ ካመረቀዘ እግርዎን እስከማጣት ይደርሳሉ አለችው። ከባድ ነገር እንዳያነሱ ስትለውም፣ እኔ መች አነሳለሁ፣ የሚያነሳው ሞተሩ ነው ብሎ እርፍ። እሷ ሳቀች፤ እኔ አንገቱን ማነቅ አማረኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሑድስ አልኩት። እሑድማ አነሳለሁ፣ በፋሻው ላይ ቦት ጫማ አጠልቃለሁ አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ቁልፉን እደብቃለሁ አልኩት። ያለ ቁልፍ ሞተር ማስነሳት ማን ያስተማረሽ ይመስልሻል አለኝ። በመጨረሻ ለእማዬ እነግራታለሁ አልኩት። ይሄኔ አንገቱን ደፍቶ የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ። «ማንሳት ካቆምኩ ልጁ ሲደውል ምን እለዋለሁ? በፊት ሰላም ነህ፣ ሰላም ነኝ፣ በል ቻው ነበር። አሁን እኮ ግማሽ ሰዓት ያወራኛል።»

እኔ ለጭብጨባው፣ ለጡሩምባ ጩኸት፣ ለስሙ መስሎኝ ነበር። አባታችን ጎማ የሚያነሳው አንተ ስልክ አንስተህ እንድትደውልለት ነው። ክፉ ነህ አላልኩም፤ ሥራህን አውቃለሁ፣ ድካምህንም አውቃለሁ። እሱ ግን እንደዚያ ነው የገባው። እኔ ብናገር አይሰማኝም፤ ሁልጊዜ አጠገቡ ስላለሁ ድምፄን ለምዶታል። አንተን ይሰማል።

ስለዚህ ቅዳሜ ደውልለት። አታንሳ እንዳትለው፤ እልኸኛ ነው፣ ይብስበታል። የእግሩንም ነገር እንደማታውቅ ሁን። የሞተር ወሬ ጭራሽ አታምጣ። ስለ ጉንፋንህ ንገረው፣ ስለዚያ ክፉ አለቃህ ንገረው፣ ምን ላድርግ አባባ ብለህ ምክር ጠይቀው፣ አስለፍልፈው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አትዝጋበት። እሑድም ሰልፉ በሚጀመርበት ሰዓት እንደገና ደውል፤ አንተን ትቶ ሞተር ላይ አይወጣም። ቪዲዮውን እንደሆነ እርሳው፤ ባዶ የግድግዳ ጥግ ነው፣ የእሱ ጥሪና የእኔ ሳቅ ብቻ ነው የሚሰማበት። አልልክልህም።

እማዬ ዓይንህን ትስማለች። ምድጃ ነው ብለናት የትኛው ምድጃ ነው እያለች ወጥ ቤቱን ስትመረምር ነው የዋለችው፤ ዛሬ ማታ እውነቱን እነግራታለሁ። አክስታችን ወፍራም ካልሲ ሠርታልሃለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል፣ ባይለካህም ልክ ነው በላት። ጡሩምባ ሰላም ብሎሃል፤ እንኳን አንተ አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። አባባ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ መጻፌን አያውቅማ። የእሱን ሰላምታ ደውለህ ከራሱ አፍ ተቀበል።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ
ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍል
ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ