ሁሉም የሚያነሣው ስልክ፦ የወይዘሮ ኦርላ ዲን ፔቲግሩ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኦርላ ዲን ፔቲግሩ ከትራክተር ነጂው ከአቶ ኢዜል ጌትስና የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ከነበሩት ከወይዘሮ ሉሲንዳ ጌትስ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1949 በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው ማርሎው ቤንድ ተወለዱ። እንዲህ ያለ ሕይወት ተሰጥቶን ዛሬ አንገት ደፍቶ መቀመጥ ምስጋና ቢስነት ነው፤ ደስ ይበለን!

በ1971 ኮሌጅ አጠናቀው በቀጣዩ ዓመት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች ክፍለ ግዛቱ በሚያስተዳድረው የሕክምና መድን፣ በሜዲኬድ፣ የአውራጃችን ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ። በ1974 ከአቶ ሮስኮ ፔቲግሩ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዮላንዳንና ክሊፍተንን አፈሩ። ማርፈድን እንደ ስርቆት ይቆጥሩ ነበር፤ ልክም ነበሩ።

በ2009 መድኑ በስልክ ቃለ መጠይቅ እንዲታደስ ተወሰነ። የማያነሣ ሰው «አልፈለገም» ተብሎ ይሰረዝ ጀመር። ሻጭና አጭበርባሪ ሲደውል በሚውልበት በእኛ አገር ግን የማይታወቅ ቁጥር የሚያነሣ ማን አለ? ኩላሊታቸው በማሽን የሚታጠበው ፀጉር አስተካካዩ ዲያቆን ሌሙኤል ስቶክስም በወሩ መጨረሻ ሊሰረዙ ሆነ። ወይዘሮ ኦርላ ይህን እንዳወቁ ወደ ፀጉር ቤታቸው ገሠገሡ።

«ዲያቆን፣ ስልክ ለምን አያነሡም?»

«እህት ኦርላ፣ የማላውቀውን ቁጥር አንሥቼ መኪና ልግዛ?»

«መኪናው ይቅርብዎ! የሬሳ ሣጥን ሊያስገዙዎት ነው!»

«የቤተ ክርስቲያናችን ቁጥር ቢሆንማ የሰው ጢም በሳሙና ነክሬም አነሣ ነበር። ማን እንደሞተ፣ ለቀብሩ ምን ምግብ እንዳመጣ እንደታዘዝኩ ካላነሣሁ በምን አውቃለሁ?»

ወይዘሮ ኦርላ በማግስቱ የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ገቡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ለመደወል ፈቃድ ጠየቁ።

አለቃቸው «ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አይደባለቁም» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ስልኩን እንጂ ስብከቱን አልተዋስኩም!»

ፈቃዱን ይዘው ተመለሱ። የሰው ምስጢር እንዳይሰማ የመዘምራኑን ክፍል ከውስጥ ቆልፈው መደወል ጀመሩ። ሰው ሁሉ አነሣ! ሁሉም በድንጋጤ «ማን ሞተ?» ይላል። እርሳቸውም «ማንም አልሞተም፤ እንዳትሞት ነው የደወልኩት፤ በል መልስልኝ» ይሉ ነበር። የዲያቆን ስቶክስ መድን ወሩ ሳያልቅ ታደሰ። የአጎራባች አውራጃዎችም ይህንኑ አሠራር ተከተሉ። አንድ ሹም ሰው ቸል ብሏል ብሎ ከመፍረዱ በፊት በምን እንደጠራው ራሱን ይጠይቅ፤ ይህ የሥራ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው።

በ2014 ጡረታ ከወጡ በኋላም በየዓመቱ የእድሳት ወቅት ያለ ክፍያ ከዚያችው ክፍል ይደውሉ ነበር። ባለቤታቸው በ2017 ዐረፉ። እርሳቸውም በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 17 ቀን 2023 በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሕይወት አሉ።

ጌታ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማኅበር ያኑርልን፤ ድካማቸውን በዕረፍት ይካስልን።

እርሳቸው ባረፉበት በዚያ ማክሰኞ የቤተ ክርስቲያናችን ስልክ በየቤታችን ሲጮኽ፣ እንደ ልማዳችን «ማን ሞተ?» አልን። የምንመጣበትን ሰዓትና የምናመጣውን ምግብ ሳይቀር እየነገሩ፣ እስከ መጨረሻው ቤት የደወሉልን ዲያቆን ሌሙኤል ስቶክስ ነበሩ።